«የለም» ያልኩ ዕለት

የልጆቹን መማሪያ ክፍል ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ሰዉ መንግሥትን ያማል፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ያማል፣ በጀት በሉ ይላል። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሽንኩርቴን እየመዘንኩ «አይ እነሱ» እላለሁ። ወላሂ ይሄን ያህል እፍረት የለኝም። ማን እንዳስዘጋው ግን አላህ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ዘሊካ እባላለሁ። ቆቦ ገበያ ውስጥ አፏ የማያርፍ ሽንኩርት ሻጭ ካያችሁ እሷ እኔ ነኝ። ባሌ ታሂር ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላና ሽንኩርት ያመርታል። ሁለት ሴት ልጆች አሉን። ትልቋ ቶይባ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ኢስራ አስራ አንድ። ኢስራ አትሰማም። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷን አላህ መለሰልን፣ ጆሮዋ ግን በዚያው ቀረ። ጀማምራው የነበረው ወሬም ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዘጠኝ ዓመት እስኪሆናት ቤት ዋለች። ትምህርት ቤት ይዣት ብሄድ ርዕሰ መምህሩ «ለእሷም ለእኛም ድካም ነው፣ ባታንገላቷት ይሻላል» ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ለቁጣ መልስ አላጣም። ቤት ደግሞ የምትፈልገውን ስናጣው ራሷን ትመታለች። ውሃ ነው? ዳቦ ነው? ሆድሽን ነው? እያልኩ ቤቱን ሙሉ አዞራታለሁ፣ እሷ ግንባሯን ከግድግዳው ታጋጫለች። ስንት ቀን አብሬያት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ምን አባቴ ላድርግ?

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ፍሬሰላም የምትባል ወጣት አስተማሪ የምልክት ቋንቋ ተምራ መጣች። አንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተሰበረ ወንበር የሚጠራቀምበት ክፍል ነበር፣ እሱን ሰጧት። ወንበሩን ራሷ አወጣች፣ ራሷ ጠረገች፣ ከዚያ ከቆቦም ከሮቢትም መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለቃቅማ አስር አደረሰቻቸው። ኢስራ በገባች በሦስተኛ ሳምንቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ሦስት ጣቷን ቀስራ አገጯን ነካ ነካ አደረገች። እኔ ጥርሷን ያመማት መስሎኝ አፏን ልከፍት ስል እጄን ጎትታ እንስራው ጋ ወሰደችኝ። ውሃ ማለቷ ነው። ልጄ ውሃ አለችኝ። ያን ቀን ገበያ አልወጣሁም።

ቲቸር ፍሬሰላም ለሁሉም ልጅ በእጅ የሚጠራ ስም ነበር የምታወጣው። ኢስራ ደግሞ ለእኔ አወጣችልኝ፤ ሁለት እጅን ወገብ ላይ ማድረግ። ቲቸር ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ሞተች። እኔም ሁለት እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ሙሉ ሳቀብኝ። እንዲህ ሆኖ ነው የተማረችው፣ እየሳቀች። በዓመት ከመንፈቅ ፊደል ለየች፣ የእኔንም ስም ጻፈችልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ቶይባ ናት «እማ፣ ስምሽ እኮ ነው» ያለችኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ፣ የዋጃው ሐጂ ይማም ቶይባን ለልጃቸው ሊጠይቁ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ የምትታየው ልጅቷ ብቻ አይደለችም፣ ዘሯ ነው። «በዘራችሁ ደዌ አለ ወይ?» ብሎ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም፣ ነውር ነው። ዓይን ግን ይዞራል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ ሁሉም ይታያል። ስለዚህ በጠዋት ኢስራን ከጓሮ ካለችው የማሽላ ማስቀመጫ ክፍል አስገባሁና ዳቦ ሰጠኋት። ጨዋታ መስሏት ሳቀች። በሩን ከውጭ ቀረቀርኩት።

ሽማግሌዎቹ ገና ነገራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ደጃፍ ላይ አንድ ጎረምሳ ወረቀት ታቅፎ ቆመ። «ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የመጣሁት» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቤት ለቤት የአካል ጉዳተኛ ልጆች ምዝገባ ነው። መስማት የተሳነው፣ ማየት የተሳነው፣ እንደዚህ ያለ ልጅ እዚህ ቤት አለ?»

አምስቱም ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ታሂር እኔን አየኝ።

«የለም» አልኩ። ያም አልበቃኝም፣ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብዬ ጨመርኩበት። ልጁ «እሺ እናቴ» ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩለት። በልቤ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ኢስራ እኮ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ስሟ ቲቸር መዝገብ ላይ አለ፣ ይሄ ወረቀት ምን ሊያመጣ ብዬ ነው። ቶይባ ተሰጠች፣ ኒካው ለመስከረም ተቀጠረ፣ እኔም ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ቲቸር ፍሬሰላም ገበያ ድረስ መጣች። ሽንኩርቱ መሀል ጎንበስ ብላ «እትዬ ዘሊካ፣ ክፍላችን ሊዘጋ ነው» አለችኝ።

«ደግሞ ማን ነው የሚዘጋው?»

«አዲስ መመሪያ መጥቷል። ለአንድ የምልክት ቋንቋ አስተማሪ ቢያንስ አስር ልጅ ያስፈልጋል ይላል። የሚቆጠረውም በእኔ መዝገብ ሳይሆን በቤት ለቤቱ ምዝገባ ነው። እዚያ ላይ ዘጠኝ ናቸው። የጠፋችው ኢስራ ናት። ቆጣሪው ቤታችሁን ዘሎት ይሆን?»

እንግዲህ እዚህ ጋ መናገር ነበረብኝ። አፌ ለማንም የማይመለስ ሴትዮ፣ ፊቷን እያየሁ «አዎ፣ ዘሎን ይሆናል» አልኳት። እሷም ደስ ብሏት «እንግዲያ ቀላል ነው፣ እስከ ዓርብ ማረሚያ ይቀበላሉ፣ ነገውኑ አመለክታለሁ» ብላ ሄደች።

ማክሰኞ አመለከተች። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ቅጹን ከማህደር አውጥቶ አሳያት። የታሂር ቤት፣ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት፣ ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት። ሰውዬው «አንቺም ቁጥር ለመሙላት ስም መፍጠር ጀመርሽ?» አላት አሉ። ይሄን የነገረችኝ ራሷ አይደለችም፣ የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ነው። እሷ ወደ እኔ መጥታ ያለችው «እትዬ፣ አባወራው ከፈረመና ቀበሌው ካተመበት ይታረማል፣ እስከ ዓርብ ብቻ አድርሱልኝ» ነው። ክፉ ቃል አላወጣችብኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት።

ማታ ለታሂር ነገርኩት። «ኒካው እስኪታሰር ጠብቂ» አለ።

«ኒካው መስከረም ነው ታሂር፣ ማረሚያው ዓርብ ነው።»

«ቀበሌው ውስጥ የሐጂ ይማም ዘመድ አለ። ዛሬ ብፈርም ነገ ዋጃ ይሰማል። ከዚያ ልጅሽን ማን ያገባታል? በዘራቸው አለ ቢሉስ?»

«በሽታ ነው እንጂ ዘር አይደለም።»

«እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እነሱንስ ማን ያስረዳቸዋል?»

ቶይባ ከጥግ ሆና «እኔ የእሷን ክፍል አስዘግቼ ላግባ ብያለሁ?» አለች። አባቷ ዝም በይ አላት። እኔ ደግሞ፣ ይህን ስናገር ያመኛል፣ እኔም ዝም በይ አልኳት። ሁለቱንም ልጆቼን ማዳን እችል መስሎኝ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። አስረኛ ልጅ ይኑር እንጂ የግድ ኢስራ ትሁን አላሉም። ሌላ ልጅ ባገኝስ?

ጎብዬ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ደመቀች የምትባል ሴት አውቃለሁ፣ ሽንኩርት ትገዛኛለች። ሰባት ዓመት የሆናት ቅድስት የምትባል ልጅ አለቻት። ያቺ ልጅ እንደማትሰማ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ከኋላዋ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ዞር አትልም። ረቡዕ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ደመቀች ሻይ ቀዳችልኝ፣ እኔም ነገሬን ዘረገፍኩ። ክፍሉን ነገርኳት፣ ቲቸርን ነገርኳት፣ ኢስራ ውሃ ያለችበትን ቀን ነገርኳት። ፊቷ እያማረ መጣና መጨረሻ ላይ «ቅድስትን አስመዝግቢያት» ስላት ጠቆረ።

«ቅድስትን ምን ብዬ?»

«አትሰማም ብለሽ ነዋ።»

«ልጄ ትሰማለች» አለች ደመቀች። «ዘገየች እንጂ ትናገራለች። አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው። ጸበል ጀምረናል።»

ቅድስት በዚያ ሰዓት ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን በጠርሙስ ክዳን ትጫወታለች። እናቷ ሁለት ጊዜ ጠራቻት። ሦስተኛውን ሳትጠራ ተነሥታ ሄዳ ትከሻዋን ነካቻት፣ ወደ እኔም ዞራ «ጨዋታ ሲይዛት እንዲህ ናት» አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ዱዓ አስደርጌ፣ ከሼህ ሼህ ዞሬ፣ «ነገ ትናገራለች» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ልጄን ከማሽላ ጋር የቆለፍኩባት ሴት ነኝ። የሻዩን ከፍዬ ወጣሁ። በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ ቆቦ እስክደርስ ተናደድኩ፤ በደመቀች አይደለም፣ በራሴ።

ሐሙስ ለታሂር ሳልነግር ዋጃ ሄድኩ። ሐጂ ይማም ከቤታቸው ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሙሽራ እናት ሳትጠራ ወደ አማች ቤት ስትሄድ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ደንግጠው ተነሡ፣ «ምነው ደህና? ልጅቷ ደህና?» አሉኝ። ቁጭም አላልኩ። «ሐጂ፣ ሽማግሌ ይዘው የመጡ ዕለት ዋሽቻችኋለሁ» አልኳቸው። «መስማት የተሳናት ልጅ አለችኝ። ከጓሮ ቆልፌባት ነበር። ቶይባን የምትተዉም ከሆነ ዛሬ ንገሩኝ፣ እኔ ነገ ትንሿን አስመዘግባለሁ።»

ሐጂ ይማም አጠገባቸው ቁጭ እንድል በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ «ዘሊካ» አሉ፣ «ኢስራን ማለትሽ ነው?»

ስሟን ያውቃሉ!

«እኛ እኮ እናውቃታለን። ቆቦ ገበያ በመጣን ቁጥር ከጎንሽ ሆና ሽንኩርት ስትመርጥ እናያት የለም እንዴ? ሽማግሌ ገብተን ስናጣት የት ሄደች ተባባልን። ያ ልጅ መጥቶ ሲጠይቅሽ፣ አንቺም የለም ስትዪ፣ አምስታችንም አንገታችንን ደፋን። ምን እንበል? 'አለች እኮ' ብለን በቤትሽ እናሳፍርሽ? ዝም ያልነው ላንቺ ብለን ነው።»

ላንቺ ብለን። እኔ ለእነሱ ብዬ ዋሸሁ፣ እነሱ ለእኔ ብለው ዝም አሉ፣ በመካከል ልጄ ማሽላ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዳቸው እንኳ ያን ቀን ነውረኛ ቢሆኑልኝ ኖሮ። አለቀስኩ ልበላችሁ፣ ያውም በአማች ፊት።

ሐጂ ይማም ሰው ናቸው፣ አልክድም። ዓርብ በማለዳ በትራቸውን ይዘው ቆቦ መጡ። ታሂር ሲያያቸው ላብ በላብ ሆነ። «ፈርም» አሉት፣ ፈረመ። ቀበሌ ሄድን። ማኅተሙ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ነው፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ጁምዓ ነው። ግድግዳ ተደግፈን ጠበቅን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ መጣ፣ ሳያንገራግር አተመልን፣ ይቅርታም ጠየቀ። ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ገና ሥራ ሰዓት ነው። እኔ በልቤ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።

ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ሁሉም ተሟልቷል» አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። «ግን እትዬ፣ ዝርዝሩን ትናንት ላክነው።»

«ዓርብ አይደል ያላችሁት?»

«ዓርብ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ለአንድ ሰዓት ያህል መጣ። ነገ ባይኖርስ ብለን ቶሎ ላክነው። ይኸው ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ትናንት ባንልክ ኖሮ ዘጠኙንም አናስመዘግብም ነበር።»

«ዘጠኙ ምን ሆኑ ታዲያ?»

«አስር ስላልሞሉ ክፍሉ ይታጠፋል። አስተማሪዋም ወደ ሌላ ወረዳ ትመደባለች።»

«መልሳችሁ ላኩት እንጂ!»

«ከተላከ በኋላ አይከፈትልንም። እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት።»

ሐጂ ይማም በትራቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ እንደ አባት ልለምንህ» አሉት። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ፣ እጅ ነሣቸው፣ እንደ ቆመም ቀረ። ምንም ማድረግ አይችልም። አስለቃሽ ነገር እኮ ነው፣ የምጣላው ሰው አጣሁ። ለክፉ ሰው አፍ አለኝ፣ ለዚያ ቆሞ ለሚያየኝ ሰው ግን ምን እላለሁ? ከጥር ጀምሮ የነበረኝን ጊዜ ያባከንኩት እኔ፣ እሱን በአንድ ቀን ልወቅሰው ነው?

ቲቸር ፍሬሰላም ከመሄዷ በፊት ልጆቹን ሰብስባ ተሰናበተቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። አስር ልጅ ያለ ድምፅ ሲያለቅስ አይታችሁ አታውቁም፣ አትዩም። ለእኔ ስትደርስ «እትዬ፣ ከሰው ጋር ትዋል፣ ቤት አታስቀምጧት» አለችኝ። እጇን ይዤ «እኔ ነኝ» ልላት ፈለግሁ። «አውቃለሁ» አለችኝ፣ ሳልናገር።

ቤት አላስቀመጥኳትም። መስከረም ላይ ሦስተኛ ክፍል አስገባኋት፣ ሰባ ሁለት ልጅ ካለበት። መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ ከፊት አስቀመጣት። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ትገለብጣለች፣ ጽሕፈቷ ከክፍሉ አንደኛ ነው ይላሉ። መምህሩ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ሲናገር ግን የምታየው አፉን ነው።

ጥቅምት ላይ ቶይባ ከባሏ ቤት ለጥየቃ መጥታ ሳለች ኢስራ አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ወረቀቱን ለእህቷ ሰጠቻት። ቶይባ አየችው፣ ደግማም አነበበችው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቃለ ጽሕፈት ነው፣ እማ። መምህሩ ቃል ይጠራል፣ ልጆቹ የሰሙትን ይጽፋሉ። ከአምስት ዜሮ አግኝታለች።»

«አልጻፈችም?»

«ጽፋለች። ልጆቹ ሲጽፉ አይታ ይሆናል፣ እሷም ከራሷ አምስት ቃል ጽፋለች። በር፣ ውሃ፣ ዶሮ፣ ጨው፣ እህት።» ቶይባ ወደ እኔ ዞረች። «አንዱንም አልተሳሳተችም። መምህሩ የጠራው ግን ሌላ ነው።»

ኢስራ ስናወራ አፋችንን ታያለች። ወረቀቱን ከእህቷ ተቀበለችና የመጀመሪያው ቃል ላይ ጣቷን አድርጋ ሄዳ በሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ቀጥላ ውሃውን አሳየችን። ደጅ ወጥታ ዶሮዋን በጣቷ ጠቆመች፣ ተመልሳ የጨው ጣሳውን ከፍታ ወደ እኔ አዘነበለችልኝ። መጨረሻ ላይ ቶይባን ትከሻዋን ያዘቻት። አምስቱንም አሳየችን። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመችና በቀይ ቀለም የተሰረዘውን፣ አንድ በአንድ፣ አምስቱንም፣ በጣቷ ነካችው። ቀና ብላም አየችኝ።

ልክ ነው የሚለውን ምልክት አውቀዋለሁ፣ አደረግሁላት። ራሷን ነቀነቀች፣ ቀዩን እንደገና ነካችው። ለምን እንደሆነ ነው የምትጠይቀኝ። እኔ የማውቀው ብዪ፣ ጠጪ፣ ነይ፣ ሂጂ፣ ተኚ የሚለውን ነው፣ ሌላውን ቲቸር ዘንድሮ ልታስተምረን ነበር። ቆማ ጠበቀችኝ። ቶይባ ማልቀስ ስትጀምር ወረቀቱን በሥርዓት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ጫማዋን አውልቃ ዱሮ ግንባሯን ታጋጭበት ከነበረው ግድግዳ ጋ ሄዳ ተቀመጠች።